«ሼይድ» እና «ሻዶው» በምን ይለያያሉ?

ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። «ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጥን» ለማለት በእንግሊዝኛ «አንደር ዘ ሻዶው ኦቭ ዘ ትሪ» ብለው ቢጽፉ፣ ያረሙልዎ ሰው «ሻዶው»ን ሰርዘው «ኢን ዘ ሼይድ ኦቭ ዘ ትሪ» አደረጉት። በሌላ ጽሑፍ ግን አንዲት መንደር «ኢን ዘ ሻዶው ኦቭ ዘ ማውንተን» እንደምትገኝ አነበቡ፤ በእንግሊዝኛው መዝሙረ ዳዊትም «በክንፎችህ ጥላ» የሚለው በ«ሻዶው» ተጽፎ አገኙት። ከዚህ ሌላ፣ ታሪኩ በውል ስለማይታወቅ አንድ ሰው ሲጽፉ «ሼይዲ» የሚለውን ቅጽል ቢመርጡ፣ ሰውየውን አጭበርባሪ እንዳደረጉት ተነገረዎት። ሁለቱም ቃላት በአማርኛ «ጥላ» ተብለው የሚፈቱ ከሆነ ድንበራቸው የት ላይ ነው? ብለው ጠይቀዋል።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያውን ቃል «ሼይድ» ብዬ በ«ይ» የምጽፈው፣ ጣሪያ ያለውን የሥራ ወይም የዕቃ ማከማቻ ቤት ከምንጠራበት «ሼድ» ለመለየት ነው። ይሁንና ሁለቱ ፈጽሞ ባዕዳን ናቸው ማለት አይቻልም። የቃላትን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት «ሼድ» በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከ«ሼይድ» የተገነጠለ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል ነገር ሁሉ ቀድሞ በአንድ ስም ይጠራ ነበርና።

ልዩነቱን ባጭሩ ለማስቀመጥ ያህል፣ «ሻዶው» ብርሃንን የከለለ ነገር በመሬት፣ በግድግዳ ወይም በሌላ ገጽ ላይ የሚጥለው፣ የራሱ ዳርቻና መልክ ያለው ጨለም ያለ ምስል ነው። «ሼይድ» ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ስፍራ፣ ወይም በዚያ ስፍራ ያለው ሁኔታ ነው። ስለዚህም ስለ «ሻዶው» የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስል፣ ወዴት እንደሚያመለክትና ምን ያህል እንደሚረዝም መጠየቅ ይቻላል። ስለ «ሼይድ» የሚጠየቀው ግን መኖሩ፣ መብቃቱና የት እንደሚገኝ ነው። የመጀመሪያውን ያዩታል፤ ሁለተኛው ውስጥ ይገቡበታል።

ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለማየት በሐሩር ክልል ከሚታይ አንድ ክስተት የተሻለ ማስረጃ የለም። በሁለቱ የሐሩር መስመሮች መካከል በሚገኝ ማናቸውም ስፍራ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በትክክል ከአናት በላይ ትውላለች። በዚያች ቅጽበት ቀጥ ብሎ የተተከለ ቀጭን ምሰሶ በዙሪያው መሬት ላይ የሚዘረጋ ጥላ አይኖረውም፤ በእንግሊዝኛም ቀኑ «ዜሮ ሻዶው ዴይ» ይባላል። አሁን ከምሰሶው አጠገብ በአራት እግር የቆመ፣ ግድግዳ የሌለው ጣሪያ እንዳለ ያስቡ። በዚያችው ቅጽበት ከጣሪያው ሥር ያለው መሬት በሙሉ «ሼይድ» ነው፤ ከፀሐይ ሊሸሽ የፈለገ ሁሉ እዚያ ገብቶ ሊያርፍ ይችላል። «ዜሮ ሼይድ ዴይ» ቢባል ኖሮ ሰሚው የሚረዳው ሌላ ነገር ነው፤ በአካባቢው ዛፍም ጣሪያም ታጥቶ ሰው ሁሉ በፀሐይ የተቃጠለበት ቀን ይመስለዋል። የግሪኩ ሊቅ ኤራቶስቴንስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የምድርን ዙሪያ ለማስላት የተጠቀመውም «ሻዶው»ን ነው። ፀሐይ በሳይን፣ በዛሬዋ አስዋን፣ ከአናት በላይ በምትሆንበት እኩለ ቀን በእስክንድርያ የሚታየው ጥላ የክበብን አንድ ሃምሳኛ፣ ማለትም 7.2 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ያሳይ ነበር። ማዕዘን ሊወጣለት የሚችለው ርዝመትና አቅጣጫ ያለው ጥላ ነው፤ ከ«ሼይድ» ማዕዘን አይወጣም።

ወደ ጻፉት ዛፍ እንመለስ። ከሰዓት በኋላ አንድ ዛፍ በሜዳ ላይ ጥላውን ዘርግቷል እንበል። የጥላው ጫፍ ቀስ እያለ ሄዶ አጥሩ ጋ ከደረሰ፣ የቅርንጫፎቹ ቅርጽ በሣሩ ላይ ከታየ፣ ወይም ጥላው ከዛፉ እጥፍ ከረዘመ፣ የሚነገረው ሁሉ ስለ «ሻዶው» ነው። በዚያው ሜዳ፣ በዚያችው ሰዓት፣ እዚያችው ጨለም ያለች መሬት ላይ ሰዎች ተቀምጠው ቢያርፉ ግን ያሉት በ«ሼይድ» ውስጥ ነው። መሬቷ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ተናጋሪው ስለ እርሷ ሊናገር የፈለገው ነገር ነው። ስለ ምስሉ የሚናገር አንደኛውን፣ ስለ ማረፊያው የሚናገር ሌላውን ይመርጣል።

በእኔ ግምት ለአማርኛ ተናጋሪ ትልቁ እርዳታ የሚገኘው ከስሙ ይልቅ ከግሡ ነው። አማርኛም ይህንን ልዩነት አያጣውም፤ ነገር ግን በስም ለይቶ ከማስቀመጥ ይልቅ በግሥና በመስተዋድድ ይገልጸዋል። «ጥላው ግድግዳው ላይ አረፈ»፣ «ጥላው ረዘመ»፣ «ጥላውን አጠላ» ስንል የምናስበው ምስሉን ነው። «ጥላ ሥር አረፍን»፣ «ጥላ ፈለግን»፣ «ጥላ ያለበት ቦታ» ስንል ደግሞ የምናስበው መጠለያውን ነው፤ «ጥላ ከለላ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ወገን ይመደባል። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ «ጥላ» የሚለው ቃል ላይ ከመቆም ይልቅ አብሮት ያለውን ግሥ ያንብቡ። እንግሊዝኛም በበኩሉ ለእያንዳንዱ ቃል የራሱን ግሦች መድቦለታል፤ «ሻዶው» ይጣላል፣ ይወድቃል፣ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይከተላል፤ «ሼይድ» ግን ይሰጣል፣ ይፈለጋል፣ ይገኛል፣ ይታጣል። ዛፍ «ሼይድ» ሲሰጥ በጎ አድራጊ ነው፤ «ሻዶው» ሲጥል ግን በጎም ክፉም አላደረገም።

«ሼይድ» ከፀሐይ ጋር፣ በተለይም ከሙቀትና ከብልጭታ ጋር ያለው ትስስር ጠንካራ መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ሻዶው» ከማናቸውም ብርሃን ይወለዳል፤ ከሻማ፣ ከጨረቃ፣ ከመኪና መብራት ሊገኝ ይችላል። በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን፣ ከዛፍ ሥር የቆመ ሰው ግን በ«ሼይድ» ውስጥ ነው አይባልም፤ የሚሸሸው ሙቀት የለምና። ምድር በጨረቃ ላይ የምታጠላው ጥላም ምንጊዜም «ሻዶው» ነው፤ የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነውም ጨረቃ በምድር «ሻዶው» ውስጥ ስታልፍ ነው። በአንጻሩ የአየር ሙቀት የሚነገረው ሁልጊዜ «ኢን ዘ ሼይድ» ተብሎ ነው። ይህም የልማድ አነጋገር ብቻ አይደለም። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ቴርሞሜትራቸውን ነጭ በተቀባና አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያኖሩት የፀሐይ ጨረር በቀጥታ እንዳይመታው ነው፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር የሚለካው የራሱን መጋል እንጂ የአየሩን ሙቀት አይደለምና። ሙቀቱ «40 ዲግሪ ኢን ዘ ሻዶው» ነው ቢሉ ሰሚው ይረዳዎታል፤ የውጭ አገር ሰው እንደሆኑም በዚያው ያውቃል።

ከዚሁ ጋር፣ ብርሃን እንዳይወጋን የሚጋርዱ የበርካታ ዕቃዎች ስም ከ«ሼይድ» የተሠራ ነው፤ የመብራት ክዳን «ላምፕሼይድ»፣ የፀሐይ መከለያ «ሰንሼይድ»፣ በአሜሪካኖች የጓደኛ አነጋገር የፀሐይ መነጽር «ሼይድስ» ይባላል። እጅን በግንባር ላይ ዘርግቶ ዓይንን ከፀሐይ መከለልም በግሥነት «ሼይድ» ነው። ሁለቱን ቃላት በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ማወዳደር ለሚፈልግ «አይሼይድ» እና «አይሻዶው» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ከግንባር ላይ ወጣ ብሎ ብርሃን የሚከልል ቆብ መሰል ነገር ነው፤ ሁለተኛው በዓይን ቆብ ላይ የሚቀባ መዋቢያ ነው። አንዱ ዓይንን ይጋርዳል፤ ሌላው ጥላ የወደቀበት ያስመስለዋል።

ሰዋስዉም ከዚሁ የትርጉም ልዩነት ይከተላል። ምስል ስለሚቆጠር «ሻዶው» ይቆጠራል፤ አንድ ሰው በሁለት መብራት መካከል ቢቆም ሁለት «ሻዶውስ» ይኖሩታል። የማረፊያው «ሼይድ» ግን እንደ ውኃና እንደ አየር አይቆጠርም፤ ብዙ፣ ጥቂት ወይም ምንም ይባልለታል እንጂ «ኤ ሼይድ» አይባልም። «ኤ ሼይድ» ወይም «ሼይድስ» የሚል ካዩ ትርጉሙ ወደ ሌላ ዞሯል ማለት ነው፤ ስለ ቀለም፣ ስለ መጠን፣ ስለ መብራት ክዳን ወይም በጥንታዊ ግጥም ውስጥ ስለ ሙታን መናፍስት የሚናገር ይሆናል።

አሁን እርማቱን በቀጥታ እንመልከተው። ዓረፍተ ነገርዎ ላይ ሁለት ችግሮች ተደራርበዋል። አንደኛው እስካሁን የተናገርኩት ነው፤ ሊሉ የፈለጉት ስለ ማረፊያ ነበርና «ሼይድ» ይገባ ነበር። ሁለተኛው ግን «አንደር» የሚለው መስተዋድድ ነው፤ እርሱ ከ«ሻዶው» ጋር ሲገናኝ ነገሩን ያልጠበቁት ቦታ ይወስደዋል። በዛሬው እንግሊዝኛ «አንደር ዘ ሻዶው ኦቭ» ብዙውን ጊዜ በምሳሌያዊ መንገድ፣ በሥጋት ሥር መኖርን ለመግለጽ ያገለግላል፤ ጦርነት፣ በሽታ ወይም ክስ ያንዣበበበት ሰው በእነዚህ ነገሮች «ሻዶው» ሥር ይኖራል። ስለዚህ እንግሊዝኛ አንባቢ ዓረፍተ ነገርዎን ሲያይ ሊረዳው ቢችልም፣ ዛፉ በተቀመጡት ሰዎች ላይ ሊወድቅ የተዘጋጀ ያህል ትንሽ የሚረብሽ ነገር ይሰማዋል። «አንደር ዘ ሼይድ ኦቭ ዘ ትሪ» ማለትም ይቻላል፣ ሲነገርም ይሰማል፤ የተለመደው ግን አራሚዎ የጻፉት «ኢን ዘ ሼይድ» ነው።

መንደሪቱስ? «ኢን ዘ ሻዶው ኦቭ ዘ ማውንተን» ማለት ነዋሪዎቿ ከፀሐይ ተከልለው ያርፋሉ ማለት አይደለም። ተራራው ባለቤት ነው፤ ግዙፍነቱ መንደሪቱን ያካልላታል፣ ከየትም ቢታዩ ከበስተኋላቸው ቆሞ ይታያል። ጥላው ቃል በቃል የማይደርስባት ብትሆንም እንኳ አነጋገሩ ይሠራል፤ ቅርበትንና የትልቁን ነገር የበላይነት ባንድነት ይገልጻልና። እዚህ ላይ «ሼይድ» ቢገባ መንደሪቱ በተወሰነ ሰዓት ፀሐይ የማያገኛት ቀዝቃዛ ስፍራ መሆኗን የሚገልጽ የአየር ጠባይ መረጃ ይሆናል።

እስካሁን ድንበሩን ከእውነታው ይልቅ ጠርቶ እንዲታይ አድርጌዋለሁ። በእርግጥ የሚደራረቡበት ቦታ አለ፤ እርሱም ሁለቱም ያለ መስተአምር፣ ማለትም «ዘ» ሳይቀድማቸው፣ «ኢን ሼይድ» እና «ኢን ሻዶው» ተብለው ሲነገሩ ነው። ማታ ላይ ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ ሸለቆው «ኢን ሼይድ» ነው ቢባልም «ኢን ሻዶው» ነው ቢባልም ስሕተት የለበትም፤ ጥንቃቄ ያለው ጸሐፊ ግን ይመርጣል። በ«ኢን ሻዶው» የሚነገረው ስለ ማየት ነው፤ ብርሃኑ ስለ ጎደለ መልኩ በውል አይለይም። የአንድ ሰው ግማሽ ፊት በመብራቱ ተቃራኒ ሆኖ ሳይታይ ሲቀር «ኢን ሻዶው» ነው፤ «ኢን ሼይድ» ቢባል ቀዝቀዝ ብሎታል የማለት ያህል ያስቃል። በ«ኢን ሼይድ» የሚነገረው ደግሞ ስለ ፀሐይ መጠን ነው፤ ለዚህም ነው አትክልተኞች ሙሉ ጥላና ከፊል ጥላ የሚሹ ተክሎችን ሲለዩ ሁልጊዜ «ሼይድ» የሚሉት።

ፎቶ ግራፍ የሚያነሳ ሰው ይህንን ልዩነት ሳያውቀው በየቀኑ ይሠራበታል። በብዙ ካሜራዎች ላይ የነጭ ቀለም ሚዛንን ከምናስተካክልባቸው አማራጮች አንዱ «ሼይድ» ይባላል። ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ስፍራ ብርሃኑን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነና የሰማይ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ፣ ካሜራው ከ7000 እስከ 8000 ኬልቪን ባለው መጠን አስተካክሎ ምስሉን ሞቅ ያደርገዋል። ፎቶው ተነስቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ደግሞ «ሻዶውስ» የሚባል መቆጣጠሪያ እናገኛለን፤ እርሱም የምስሉን ጨለማ ክፍሎች ብቻ ፈክተው ወይም ጠቁረው እንዲታዩ ያደርጋል። አንደኛው የሚጠይቀው የተነሳው ሰው የት እንደቆመ ነው፤ ሁለተኛው የሚጠይቀው በምስሉ ላይ የጨለመው የቱ እንደሆነ ነው። ሁለቱን ስሞች ብንለዋውጣቸው ሁለቱም ትርጉም ያጣሉ።

በኮምፒውተር ሥዕል ሙያም እንዲሁ ሁለቱ ቃላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠራሉ። «ሼይዲንግ» የአንድ ገጽ ብሩህነት ከብርሃኑ ጋር ባለው ማዕዘን መሠረት ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ማስላት ነው፤ በጉሮ ስም የሚጠራው ዘዴ በ1971፣ በፎንግ ስም የሚጠራው ደግሞ በ1975 ታትመዋል። በእነዚህ ዘዴዎች የተሠራ ኳስ ድቡልቡል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ጥላ አይጥልም። ጥላውን ለመጣል ሌላ ስሌት ያስፈልጋል፤ ላንስ ዊሊያምስ በ1978 ያቀረበው «ሻዶው ማፒንግ» የመጣው ለዚህ ነው። በእርሳስ የሚሥሉ ሰዎችም ይህንኑ ያውቁታል፤ የኳሱን ጎን ማጠቋቆር «ሼይዲንግ» ሲሆን ከኳሱ ሥር የሚሣለው ምስል «ሻዶው» ነው።

ደንቡን የሚያፈነግጥ አንድ አጠቃቀም ግን አለ፤ እርሱን መደበቅ አይገባም። «ኢን ዘ ሻዶውስ» ተብሎ በብዙ ቁጥር ሲነገር ባለቤትም ቅርጽም የለም። የተፈለገው ሰው ወይም አውሬ ሊደበቅበት የሚችል ጨለማ ስፍራ ነው፤ የሚገባበት ስፍራ በመሆኑም ከ«ሼይድ» ጋር ይመሳሰላል። የሚለየው በስሜቱ ነው። ወደ «ሼይድ» የሚገባ ሰው ዕረፍት ይሻል፤ በ«ሻዶውስ» ውስጥ የቆመ ሰው ላለመታየት ይሻል።

የመዝሙሩን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ኋላ ሄድ ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱ ቃላት መነሻቸው አንድ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ያ ስም የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ ሲገባ በግምት «ሸአዱ»፣ በሌሎች ሰዋስዋዊ ሙያዎች ሲገባ ደግሞ «ሸአድዌ» እየተባለ ይረባ ነበር። ከጊዜ በኋላ የስም እርባታው ሲፈርስ ሁለቱም መልኮች ሳይጠፉ ቀሩና ከመጀመሪያው «ሼይድ»፣ ከሁለተኛው «ሻዶው» ወጡ። በእንግሊዝኛ መስክን የሚጠሩት «ሚድ» እና «ሜዶው» የተለያዩትም በዚሁ መንገድ ነው። በሌሎች ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ይህ መለያየት አይታይም፤ የጀርመንኛው «ሻተን»፣ የፈረንሳይኛው «ኦምብር»፣ የስፓኒሹ «ሶምብራ» ልክ እንደ እኛው «ጥላ» ሁለቱንም ይሸፍናሉ። ስለዚህ ግራ የተጋቡት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

አንድ የነበሩት ቃላት ሥራ ተከፋፍለው እስኪለያዩ ድረስ ብዙ ጊዜ ወስዷል፤ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። በዕብራይስጥ «ጼል» የሚባለው አንድ ቃል በመዝሙር 17 ቁጥር 8 ላይ «ሻዶው»፣ በመዝሙር 121 ቁጥር 5 ላይ ግን «ሼይድ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ በሁለቱም ቦታ የተፈለገው ጥበቃ ነው። በኢሳይያስ 4 ቁጥር 6 ላይ ደግሞ ከቀን ትኩሳት የሚከልለው ጥላ «ሻዶው» ተብሏል፤ በኋለኛው ዘመን የወጡ በርካታ ትርጉሞች ይህንን ወደ «ሼይድ» ለውጠውታል። የክንፎቹን ግን ብዙዎቹ አልነኩትም፤ ምእመናን በቃላቸው የያዙትን ንባብ መለወጥ ቀላል አይደለምና። እንግዲህ «ሻዶው» በመከለያነት የሚገኘው በጸሎትና በመዝሙር ቋንቋ ነው፤ ከዚያ ውጭ የዕለት ተዕለት ጽሑፍ ላይ እርሱን መከተል አይመከርም። እግረ መንገዴን፣ ያ «ጼል» ከግዕዙ «ጽላሎት» ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ «ተጠለለ» እና «መጠለያ» የምንላቸውም ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው።

ምሳሌያዊ አጠቃቀሙ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከመነሻው ባሕርይ የተወረሰ መሆኑን ማሳየት ይበቃል። ጥላ ባለቤቱን ስለሚከተል በግሥነት «ሻዶው» ማለት ሰውን ተደብቆ መከታተል ነው፤ ሥራ ለመልመድ ባለሙያን ቀኑን ሙሉ እየተከተሉ ማየትም «ሻዶዊንግ» ይባላል። በብሪታንያ ፓርላማ ተቃዋሚው ፓርቲ ለየሚኒስትሩ አንድ ተከታታይ ስለሚመድብ ስብስቡ «ሻዶው ካቢኔ» ተብሏል። ጥላ ባለቤቱን ቢመስልም ራሱ ባለቤቱ ስላልሆነ፣ የባንክ ሥራ እየሠሩ ባንክ ያልሆኑ ተቋማትን ኢኮኖሚስቱ ፖል መካሊ በ2007 «ሻዶው ባንኪንግ» ሲል ጠራቸው። የጥላ ባለቤት ብርሃንን እንደሚከለክል ሁሉ ዝናብንም ስለሚከለክል፣ ከተራራ ጀርባ ያለው ደረቅ ምድር «ሬይን ሻዶው» ይባላል። «ሼይድ» በበኩሉ የጨለማ መጠን ስለሆነ ወደ ደረጃ ተዘርግቷል፤ የአንድ ቀለም ልዩ ልዩ ድምቀቶችና የአንድ ቃል ጥቃቅን የትርጉም ልዩነቶች «ሼይድስ» ናቸው። ሠዓሊዎች ቃሉን ከዚህም አጥብበው፣ ጥቁር የተደባለቀበትን ቀለም ብቻ «ሼይድ» ይሉታል፤ ነጭ የተደባለቀበት ሌላ ስም አለው።

በመጠን ትርጉማቸው ሁለቱ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። «ኤ ሼይድ» ማለት «ጥቂት» ነው፤ ልብሱ በጥቂቱ ረዝሟል፣ ዋጋው በጥቂቱ ጨምሯል ለማለት ይሆናል። «ኤ ሻዶው ኦቭ» ደግሞ «ቅንጣት ታህል» እንደምንለው ነው፤ ዘወትር የሚገኘውም አሉታ ባለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በተለይም «ቅንጣት ጥርጣሬ የለም» በሚለው ነው። አንዱ መጠንን ይለካል፤ ሌላው መኖርን ይክዳል።

በሰው የበላይነት ጉዳይም እንዲሁ ይነካካሉ። በታላቅ ወንድሙ ዝና ተሸፍኖ የኖረ ሰው በወንድሙ «ሻዶው» ውስጥ ኖረ ይባላል፤ ባለቤቱ ይጠቀሳል፣ ነገሩም ዘላቂ ነው። አንድ ሥራ ሌሎቹን ሁሉ ኢምንት ሲያስመስላቸው ግን «ፑት ኢን ዘ ሼይድ» ይባላል፤ ይህ የአንድ ጊዜ ንጽጽር ነው፣ በብሪታንያ እንግሊዝኛም ይበልጥ ይዘወተራል። ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስለሆነ፣ «ሻዶው» ሲሉ የባለቤቱን ስም ማስከተል እንደሚያስፈልግ ቢያስታውሱ በቂ ነው።

ስለ ታሪካዊው ሰው የጻፉት ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የሰው ስም ያጎድፋል። «ሼይዲ» ስለ ስፍራ ሲነገር ጥላ ያለው፣ ለማረፊያ የሚመች ማለት ነው፤ ምስጋና ነው። ስለ ሰው፣ ስለ ንግድ ወይም ስለ ውል ሲነገር ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ትርጉሙ «ቀጥተኛ ያልሆነ፣ በማጭበርበር የሚጠረጠር» ሆኗል። «ሻዶዊ» ደግሞ ማንነቱ በውል የማይለይ፣ ሥራው ያልተገለጠ፣ ጥቂት ብቻ የሚታወቅለት ማለት ነው። «ሼይዲ» የተባለውን ሰው እናውቀዋለን፣ አናምነውም። «ሻዶዊ» የተባለውን ግን ገና አላወቅነውም፤ ቅዱስ ሊሆን ይችላል፣ ወንጀለኛም ሊሆን ይችላል። የሰላይ ድርጅት ኃላፊ «ሻዶዊ» ቢባል ሥራው እንዲህ ነውና አይቀየምም፤ «ሼይዲ» ቢባል ግን ጠበቃ ሊያቆም ይችላል። ጋዜጠኞች አንዳንድ ጊዜ ሁለቱንም ለማለት ፈልገው፣ በቀጥታ ለመክሰስ ማስረጃ ሲያጥራቸው «ሻዶዊ»ን ይመርጣሉ፤ ቃሉ አንባቢውን ወደ ጥርጣሬ ያስጠጋዋል፣ ጸሐፊውን ግን በሕግ አያስጠይቅም። ስለዚህ ቃሉን ሲያነቡም ሲጽፉም ይህ አመሉ እንዳለበት ማወቅ ይጠቅማል። የእርስዎ ሰው ትውልዱና አሟሟቱ የማይታወቅ፣ በጥቂት ሰነዶች ላይ ብቻ ስሙ የሚገኝ ከሆነ፣ «ኤ ሻዶዊ ፊገር» ማለት በቂ ነው፤ ከጥርጣሬ ሽታ ጨርሶ ነፃ እንዲሆን ከፈለጉ ግን «ብዙም የማይታወቅ» የሚለውን ያለ ምንም ዘይቤ በቀጥታ «ሊትል ኖውን» ብለው ይጻፉት።